ሥራ እና ጤና በወረርሽኝ ጊዜ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በኮቪድ ዘመን ማን እንደተጎዳ ሲነሳ ስለ ዕድሜ፣ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ብዙ ይወራል። ሰውዬው ምን ዓይነት ሥራ ላይ እንደነበረ ግን ብዙም አይጠየቅም። ስለዚህ ጉዳይ በየቦታው የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«በዚህ ጊዜ ሥራ ያለው ፈጣሪውን ያመስግን»

ሥራ ማጣት ሰውን እንደሚጎዳ አይካድም። ማንኛውም ሥራ ከሥራ አጥነት ይሻላል ማለት ግን አይደለም። ከ7 ሺህ በላይ አውስትራሊያውያንን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት፣ ከሥራ አጥነት ወደ መጥፎ ሥራ የገቡ ሰዎች የአእምሮ ጤና፣ ሥራ አጥ ሆነው ከቀሩት ሰዎች ይበልጥ እንዳሽቆለቆለ አሳይቷል። መጥፎ ሥራ የተባለው ጫናው የበዛ፣ ሠራተኛው በራሱ የማይወስንበት፣ ነገ መኖሩ የማይታወቅና ክፍያው ከልፋቱ ጋር የማይመጣጠን ነው። ይህ እንግዲህ በደህናው ጊዜ ነው።

«ቫይረሱ ሀብታም ደሃ ብሎ አይለይም»

ቫይረሱ አይለይ ይሆናል፤ ሥራው ግን ይለያል። በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ ግዛት፣ ሱ ፎልስ ከተማ የሚገኘውን የስሚዝፊልድ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ እንመልከት። ወደ 3,700 ሠራተኞች ነበሩት፤ አብዛኞቹ ስደተኞች ናቸው። የአገሪቱ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ባለሙያዎች ፋብሪካውን ሲጎበኙ 40 ያህል ቋንቋዎች እንደሚነገሩበት ተረዱ፤ በብዛት ከሚነገሩት መካከል አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ይገኙበታል። የእኛው ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

ሥጋ የሚቆረጠው በሚንቀሳቀስ መስመር ላይ ነው። ሠራተኛው ቢላዋውን ይዞ ከጎኑና ከፊቱ ካለው ባልደረባው ጋር ተጠጋግቶ ይቆማል። የማሽኑ ጩኸት ስለሚበረታ መነጋገር የሚቻለው ድምፅን ከፍ በማድረግ ነው። ራቅ ብዬ ልቁም ቢል ቦታውን የሚወስነው እሱ አይደለም፤ መስመሩም አይጠብቀውም። በሚያዝያ 2020 (እ.ኤ.አ.) ኩባንያው ከፈረቃው ላልቀረ ሠራተኛ 500 ዶላር ጉርሻ እሰጣለሁ አለ። በኮቪድ ምክንያት የቀረም አይከለከልም ሲል አስረድቷል። ግን ሰውነቱን መተኮስ ለጀመረው፣ ሕመሙ ኮቪድ ይሁን ጉንፋን ገና ላላወቀው የቤተሰብ አስተዳዳሪ ይህ ማስታወቂያ የሚለው ነገር ግልጽ ነው፦ ና! ምልክት ታይቶበት ወደ ቤት የተላከውም የተሰጠው መመሪያ በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ነበር።

በዚያ የጸደይ ወቅት በፋብሪካው ቢያንስ 1,294 ሠራተኞች ተያዙ፣ 4 ሰዎች ሞቱ። የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የጣለው ቅጣት 13,494 ዶላር ነው። ይህን ቁጥር ባነበብኩ ቁጥር ይቆጨኛል።

«ጥሩ ሥራ ማለት ጥሩ ደሞዝ ነው»

ደሞዝ ትልቅ ነገር ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በለንደን ከ10 ሺህ በላይ የመንግሥት ሠራተኞች ላይ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የተካሄደው የኋይትሆል ጥናት ያየው ወር ጠብቆ የሚከፈላቸውን ሰዎች ነው። ከእነሱም መካከል በሥራቸው ላይ የመወሰን ሥልጣን ያነሳቸው ለልብ ሕመም ይበልጥ ተጋልጠው ተገኝተዋል። በወረርሽኝ ጊዜ ይህ ይከፋል። ነገ በየትኛው ፈረቃ እንደምትገባ፣ ጓንትና ጭምብል ይኑር አይኑር ሳታውቅ ወደ ክፍሏ የምትገባ ነርስን ሕዝቡ ለምስጋና የሚያሰማው ጭብጨባ አያሳርፋትም።

«ቤት ውስጥ የሚሠራ ከሁሉ የተጠበቀ ነው»

ኮምፒውተሩን ይዞ ቤቱ ለተቀመጠ ሰው፣ ልጆች ቢረብሹትም፣ እውነትነት አለው። የሥራ ቦታዋ የሰው ቤት ለሆነባት ግን አይደለም። በሊባኖስ የሚኖሩ የቤት ሠራተኞቻችን የመኖሪያ ፈቃዳቸው በከፋላ ሥርዓት ከአሠሪያቸው ጋር የታሰረ ነው። እንቅስቃሴ ሲታገድ ቤተሰቡ ሙሉ ቀን ቤት ዋለ፤ ሥራው በዛ፣ የዕረፍት ቀን ቀረ። በዚያ ላይ የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋ ወድቆ አሠሪዎች በዶላር መክፈል አቃታቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሰኔ ወር ብዙ ሴቶች ደሞዛቸው ሳይከፈላቸው ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ተጣሉ፤ ከነሻንጣቸው አስፋልት ዳር አደሩ።

«ጭንቀቱን በምክርና በሥልጠና መቋቋም ይቻላል»

ምክር ይረዳል። የቤት ኪራይ የሚከፍልበትን ያጣ ሰው ግን ጭንቀቱ የሚቀለው ኪራዩ ሲከፈል ነው።

«ሕጉ አለ፣ ሠራተኛው ተጠብቋል»

በእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ይፈቅዳል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ከብዙ አገሮች ጋር ሲተያይ ደህና ነው። መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም አሠሪዎች ሠራተኛ እንዳይቀንሱ ገደብ አስከትሎ ነበር። ችግሩ ሁለቱም የሚደርሱት ቅጥሩ ለታወቀለት ሰው መሆኑ ነው። ታክሲ ረዳቱ፣ ሊስትሮው፣ ጉሊት ቸርቻሪዋ፣ የግንባታ የቀን ሠራተኛው አንድ ቀን ከቀሩ የዚያ ቀን ምግብ የለም። የቤት ሠራተኞች ደግሞ ለብቻቸው ደንብ ይወጣላቸዋል ተብለው ከዋናው ሕግ ውጭ ናቸው። ስለዚህ ቤቱ ሠራተኛ የቀጠረ አንባቢ የሕመም ፈቃድን ከልጅቷ ጋር ዛሬውኑ ቢነጋገርበትና በጽሑፍ ቢያኖረው፣ የሚከለክለው ሕግ የለም።