የፕሮሲጀር ፍርሃት ምንድን ነው?

የፕሮሲጀር ፍርሃት ጀማሪ ሐኪም በሰው ገላ ላይ መርፌ፣ ቱቦ ወይም ምላጭ ሊያሳርፍ ሲል የሚይዘው ጭንቀት ነው። ልብ ድው ድው ይላል፣ አፍ ይደርቃል፣ ጓንቱ ውስጥ ላብ ይሞላል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። የሚያሳፍረው ይሄ የመጨረሻው ነው። ሌላውን መደበቅ ይቻላል፤ እጅን ግን አስታማሚውም፣ ነርሷም፣ ሲኒየሩም (የበላይ ሐኪሙም) እኩል ያዩታል።

እኛ ሀገር ይህ በብዛት የሚመጣው በኢንተርንነት ዓመት፣ ማለትም ተማሪው ሆስፒታል ውስጥ እየሠራ በሚለማመድበት የመጨረሻ ዓመት ነው። እስከዚያ ድረስ ተማሪው አንብቧል፣ ተፈትኗል፣ ሌላው ሲሠራ ቆሞ አይቷል። አሁን ግን ሌሊት ድዩቲ ላይ ብቻውን ተጠርቶ "ዶክተር፣ መስመሩ ወጥቶበታል፣ ሌላ ክፈትለት" ይባላል። መስመር ማለት መድኃኒት እንዲሰጥበት ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ ነው።

ብዙ ኢንተርን እጁ ሲንቀጠቀጥ ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩም ብሎ ይደመድማል። ስህተት ነው። የማንም ሰው እጅ ፍጹም ጸጥ ብሎ አያውቅም። የጤነኛ ሰው እጅም በሴኮንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ በጣም ትንሽ ስለሆነ ግን ዓይን አይለየውም። ስንፈራ የሚለቀቀው አድሬናሊን ያንኑ ያጎላዋል። ድካም፣ ባዶ ሆድና ቡናም ያባብሱታል። ራት ሳይበላ በቡና ብቻ ያነጋ ሐኪም እጁ ቢንቀጠቀጥ ታዲያ ምን ይገርማል?

እጅ ብቻ ቢሆን ዕዳው ገብስ ነበር። ዋናው ችግር ጭንቅላት ውስጥ ነው። አእምሮ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ነገር ውስን ነው። "ቢደማስ? ሲኒየሩ ምን ይለኛል?" የሚለው ሐሳብ ቦታውን ሲይዝ፣ ለቀጣዩ እርምጃ የሚሆን ቦታ ይጠባል።

መስመር መክፈትን እንይ። ደም ሥሩ ተገኘ፣ ካኑላው (መርፌው ከነለበሰው ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ) ገባ፣ ደሙ ብልጭ አለ። ጀማሪው "ገባልኝ!" ብሎ እዚያው ፕላስቲኩን ይገፋዋል። ችግሩ በዚያች ቅጽበት ደም ሥሩ ውስጥ ያለው የመርፌው ጫፍ ብቻ መሆኑ ነው። ፕላስቲኩ ገና ከኋላ ነው። ስለዚህ ደም ሥሩ ይበሳና ቦታው ያብጣል። መደረግ ያለበት ካኑላውን ወደ ቆዳው ዝቅ አድርጎ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ማስገባት፣ ከዚያ ፕላስቲኩን ብቻ ማንሸራተት ነው። ሌላው ደግሞ በሽተኛው ክንድ ላይ የታሰረውን ጎማ ሳይፈታ መርፌውን ይነቅላል፤ ደም አንሶላው ላይ ይፈሳል፣ አስታማሚዋ ትጮኻለች። ሁለቱም ተማሪዎች ትምህርቱን ያውቁታል። ፈተና ላይ ቢጠየቁ አንድም ሳይስቱ ይዘረዝሩታል።

ፍርሃት ጨርሶ ይጥፋ ማለት ግን አይደለም። በ1908 እ.ኤ.አ. ሮበርት የርክስና ጆን ዶድሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አይጦችን በኤሌክትሪክ ንዝረት እያስደነገጡ አስተማሩ። ሥራው ቀላል ሲሆን ኃይለኛው ንዝረት ትምህርቱን አፋጠነ። ሥራው ከባድ ሲሆን ግን መካከለኛው ይሻል ነበር። ከአይጥ ወደ ሐኪም መዝለል ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ቢሆንም ዋርድ ውስጥ ከሚታየው ጋር ይገጥማል። ምንም የማይፈራ ኢንተርን እኔን ይበልጥ ያሰጋኛል።

ታዲያ ምን ይደረግ? "ተረጋጋ" ብሎ መምከር ብዙም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ሥራውን ከጭንቅላት አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው። ዕቃውን በአጠቃቀሙ ቅደም ተከተል ደርድሩ። ፕላስተሩን ጓንት ሳታጠልቁ ቆርጣችሁ አዘጋጁ፤ በኋላ ጓንቱ ላይ እየተጣበቀ ያናድዳል። ለመቀመጥ ከተቻለ ተቀመጡ። ክርናችሁን ወደ ጎናችሁ አስጠጉ፣ ትንሿን ጣት በሽተኛው ክንድ ላይ አሳርፉ። የተደገፈ እጅ ንቅናቄው በጣም ይቀንሳል። ከመውጋታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ቀስ ብላችሁ ረዘም አድርጋችሁ ተንፍሱ።

ልምምድም ከሰው ገላ በፊት ይጀመር። በስኪል ላብ (በልምምድ ክፍል) አሻንጉሊት ክንድ ላይ ደጋግሞ የሠራ ሰው እጁ መንገዱን ስለሚያውቀው፣ አእምሮው ለበሽተኛው ይተርፈዋል። እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ፕሮፕራኖሎል የተባለውን፣ የልብ ምት የሚያቀዘቅዝ መድኃኒት የሚውጡም አሉ። ያለ ትእዛዝ አይሞከር፤ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው።

በሽተኛው "ጀማሪ ነህ እንዴ?" ቢልስ? መዋሸት ፍርሃቱን እጥፍ ያደርገዋል። "አዎ፣ ኢንተርን ነኝ፤ ካልሆነልኝ ሲኒየሬን እጠራለሁ" ይበቃል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ክንዱን ይዘረጋል። እምቢ ካለም መብቱ ነው።

ቃሉን ደግሞ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሁለት ጊዜ ሞክሮ ያልሆነለት ሦስተኛ ከመውጋቱ በፊት ሰው ቢጠራ ጥሩ ነው። ይህ ቁጥር ሥራው ሳይጀመር መወሰን አለበት፤ መሐል ላይ እልህ ይገባል። ሲኒየሩ ሲመጣ ታዲያ ተማሪው ከክፍሉ ሹልክ እንዳይል። ጎኑ ቆሞ ያንኑ ክንድ፣ ያንኑ ደም ሥር ሌላ እጅ እንዴት እንደሚይዘው ይይ። የትኛው ቦታ ላይ እንደሳተው ገና ትኩስ ሆኖ ያስታውሰዋል።