የመኪና ወንበር በገዛ እጅ ሲጠገን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የቆየ መኪና በር ሲከፈት ዓይን የሚገባው የሾፌሩ ወንበር ጎን ነው፤ በበሩ በኩል ያለው ጉብታ። ሾፌሩ በገባና በወረደ ቁጥር እዚያ ላይ ስለሚንሸራተት ሌላው ወንበር ገና ደህና ሳለ እሱ ይላጣል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም ስፖንጁን ያወጣል። ይህን ራሱ ልጠግን ብሎ የተነሣ ሰው መካሪ አያጣም። ችግሩ፣ ምክሩን ሰምተው ወንበሩን የባሰ ያበላሹት ብዙ መሆናቸው ነው፤ አንዱ እኔ ነኝ።

«ቀዳዳውን በሱፐር ግሉ ያዘው፣ አለቀ»

እኔ የተታለልኩት በዚህ ነው። የተቀደደውን ቆዳ ጫፍ ለጫፍ ገጥሜ ሱፐር ግሉ አፈሰስኩበት። ወዲያው ያዘ፣ ደስ አለኝ። ሳምንት ሳይሞላው ከሙጫው ግራና ቀኝ ሁለት አዳዲስ ስንጥቆች ብቅ አሉ፤ የደረቀው ሙጫ ጠርዝም ሱሪዬን ይመዝዝ ጀመር። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ድርቅ ያለ ነው፣ አይታጠፍም። ወንበር ደግሞ በተቀመጥንበት ቁጥር ይታጠፋል። ስለዚህ ቆዳው ከሙጫው ዳር ዳር ይቀደዳል።

የሚያዋጣው ከሥር መጀመር ነው። ከቀዳዳው በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚተርፍ ስስ፣ ግን ጠንካራ ጨርቅ ቆርጣችሁ በወረንጦ ከቆዳው ሥር አስገቡና ዘርጉት። ከቆዳው ጀርባ ጋር የምታያይዙት ከደረቀ በኋላም በሚለጠጥ ማጣበቂያ ነው። በላዩ ለቆዳ የተሠራውን ተጣጣፊ መሙያ በስሱ ቀቡ፣ ይድረቅ፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እሹት፣ ድገሙት። ቀለሙ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ እሱም ቢሆን አንዴ በወፍራሙ ሳይሆን ደጋግሞ በስሱ።

«ወንበሩ ከሰመጠ ስፖንጁ አልቋል ማለት ነው»

ሊሆን ይችላል። የመኪና ወንበር ስፖንጅ ፖሊዩሪቴን ስለሆነ ከዓመታት በኋላ ይደክማል፣ ይፈረፈራል። ነገር ግን ስፖንጁ የሚያርፈው በሞላ ወይም በሽቦ መረብ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ የተበላሸውም እሱ ነው። ልባሱን ከመንካታችሁ በፊት ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍታችሁ፣ ተንበርክካችሁ ከሥሩ በእጅ ባትሪ ተመልከቱ። ምንጣፉ ላይ ቢጫ ዱቄት ከተጠራቀመ ስፖንጁ እየተፈረፈረ ነው። አንዱ ሞላ ከመንጠቆው ወጥቶ ከተንጠለጠለ ወይም ከተሰበረ ግን ጥፋቱ ከእሱ ነው። የተሰበረ ሞላ ጫፍ ስፖንጁን እንደ መጋዝ ይገዘግዘዋል፤ ሞላው ሳይስተካከል አዲስ ስፖንጅ ቢገባ እሱንም መልሶ ይገዘግዘዋል። ሞላውን ካስተካከላችሁ በኋላ በእሱና በስፖንጁ መካከል ወፍራም ጨርቅ ማንጠፍ አትርሱ።

«ወፍራም ከሆነ የትኛውም ስፖንጅ ይሆናል»

ውፍረት፣ እፍጋት (ለመጠኑ ያለው ክብደት) እና ጥንካሬ ሦስቱም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በጣት ሲጫኑት ጠንካራ የመሰለ ስፖንጅ እፍጋቱ ዝቅተኛ ከሆነ ቶሎ ይተኛል። ከልክ በላይ ቢወፍር ደግሞ ቁመታችሁን ከመስታወቱ፣ ከራስ መደገፊያውና ከቀበቶው ጋር ያዛባዋል። በእኔ አስተያየት ሙሉውን ከመቀየር የተበላውን ቦታ ብቻ ቆርጦ በተመሳሳይ ቁራጭ መተካት ይሻላል። ማያያዣው ሙጫ፣ ማስቲሹ፣ ሁለቱም ፊት ላይ ይቀባል፤ ጣት ላይ መለጠፉን ሲያቆም ይገጠማል። ሽታው ከባድ ነው፣ እሳትም ይይዛል፤ በሮቹ ተከፍተው ይሠራ።

«ቆዳ ዘይት ሲጠጣ ይለሰልሳል»

በአሁኖቹ መኪኖች ያለው ቆዳ አብዛኛው ላዩ በቀለምና በስስ መከላከያ የተሸፈነ ስለሆነ ዘይቱ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። አንድ ጠብታ ውኃ ጣል አድርጋችሁ እዩ፤ ድቡልቡል ብሎ ከቆመ ቆዳው የተሸፈነ ነው፣ ሰርጎ ካጠቆረው ያልተሸፈነ ነው። የምግብ ዘይት ላዩ ላይ ቀርቶ አቧራ ይሰበስባል፣ ውሎ አድሮም ይሸታል፤ በኋላ ቀለም ልትቀቡ ስትፈልጉ ደግሞ አያስይዝላችሁም። የጫማ ቀለምማ ሙቀት ባገኘ ቁጥር ወደ ልብስ ይሄዳል። ደግሞም «ቆዳ» የሚባለው ወንበር ብዙ ጊዜ እውነተኛ ቆዳው የምንቀመጥበት ፊት ብቻ ነው፤ ጎኑና ጀርባው ቪኒል፣ ማለትም ቆዳ መሰል ፕላስቲክ ነው።

«ስፌቱ ከተተረተረ በቤት ክር መልሶ መስፋት ነው»

የጥጥ ክር በላብና በፀሐይ ይበሰብሳል። ናይለን ጠንካራ ነው፤ ፀሐይን በመቋቋም ግን ፖሊስተር ይበልጠዋል። መርፌው የታጠፈ ይሁን፣ የሚገባውም በድሮዎቹ ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። አዲስ ቀዳዳ በአሮጌው ጎን ከተደረደረ ቆዳው በዚያው መስመር ይቀደዳል።

ይሁን እንጂ የማይነካ ስፌት አለ።

«ወንበር ነው፤ ምን አደገኛ ነገር አለው?»

በብዙ መኪኖች የጎን ኤርባግ ያለው በወንበሩ መደገፊያ ጎን ውስጥ ነው፤ እዚያ ላይ ትንሽ ምልክት ታገኛላችሁ። ኤርባጉ የሚወጣበት ስፌት ሆነ ተብሎ በደካማ ክር የተሰፋ ነው፤ በግጭት ጊዜ በቅጽበት መተርተር አለበት። ተከፈተ ብላችሁ ያንን በጠንካራ ፖሊስተር ብታጠብቁት ኤርባጉን በር ዘጋችሁበት ማለት ነው። ለኤርባጉ መውጫ ያልተተወለት ጥብቅ ልባስም ያው ነው። ይህን ስፌት እኔ አልነካውም፤ ለባለሙያ እሰጣለሁ።

በተሳፋሪው ወንበር ውስጥ ደግሞ ሰው መቀመጡን ወይም ክብደቱን የሚለይ ሴንሰር ሊኖር ይችላል። ስፖንጁን መቀየር ንባቡን ሊያዛባ ስለሚችል የመኪናውን መመሪያ ሳታዩ አትጀምሩ። ከወንበሩ ሥር ያሉት ቢጫ ሶኬቶች የኤርባግና በግጭት ጊዜ ቀበቶውን የሚያጠብቀው የቀበቶ መወጠሪያ መስመር ናቸው፤ ከመንቀላቸው በፊት የመኪናው ባትሪ ይፈታል፣ መመሪያው የሚለው ደቂቃም ይጠበቃል።

«በደንብ አርጥቦ ማጠብ ነው»

ስፖንጅ ውኃ ይይዛል፣ ቶሎም አይለቅም። ሽታው፣ ሻጋታውና የብረቱ ዝገት ከዚያ ይመጣል። በአረፋ ብቻ ፈግፍጋችሁ በደረቅ ጨርቅ ምጠጡት።

«አዲሱ ልባስ ከተጨማደደ ተበላሽቷል»

ቀዝቃዛ ልባስ አይሳብም። ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ ሞቅ ሲል አልብሱት፤ ከመሀል ጀምራችሁ ወደ ዳር ሳቡ፣ ልባሱን የሚይዙትን የብረት ቀለበቶች በፒንሳ ዝጉ። የቀረችው ጭምድ ብዙ ጊዜ በእንፋሎትና በጥቂት ቀን መቀመጥ ትረግባለች። ወንበሩን ከመኪናው አውጥታችሁት ከነበረ፣ ሲመለስ አራቱም ቡሎኖች መጀመሪያ በእጅ ይያዙ፣ ከዚያ መመሪያው በሚለው ልክ ይጥበቁ። የቡሎን መፍቻውን ከማስቀመጣችሁ በፊት ወንበሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንሸራትቱት፤ ከሥሩ የተቆነጠጠ ሽቦ ካለ ያኔ ይታያል።