ፌይል ሴፍ ምንድን ነው? ሃይብሪድ መኪና ፈጣን መንገድ ላይ ለምን ጉልበት ያጣል?

በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እየሄደ ያለ ሃይብሪድ፣ ማለትም በቤንዚን ሞተርና በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና፣ ድንገት ነዳጅ ቢረገጥም አልሰማ ይላል። ዳሽቦርዱ ላይ ቀዩ ሦስት ማዕዘን ይበራል፤ የሞተሩ መብራት ይከተላል፤ ፍጥነቱ 80፣ 60፣ 40 እያለ ይወርድና መኪናው ዳር ይይዛል። ተጭኖ የአምራቹ ወኪል ጋራዥ ሲደርስ ግን ምንም እንዳልነካው ይነሳል። "ምንም አላገኘንበትም" ተብሎ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ወር ሳይሞላ ይደግመዋል። መንገድ ላይ መቆሙንም፣ ጋራዥ ሲገባ ደህና መምሰሉንም የሚያስረዳው አንድ ነገር ነው፦ ፌይል ሴፍ።

ፌይል ሴፍ ማለት የመኪናው ኮምፒውተር የሚያሰጋ ነገር ሲለካ ሆን ብሎ ኃይል የሚቀንስበት ወይም ጭራሹን የሚቆርጥበት አሠራር ነው። ሊምፕ ሞድ የሚሉትም አሉ፤ እያነከሱ ቤት እንደመግባት ነው። ደረጃ አለው። ቀለል ሲል ጉልበት ብቻ ይቀንሳል፤ መኪናው ይሄዳል፣ ዳገት ግን ይከብደዋል። ሲብስ ከሁለቱ የኃይል ምንጮች አንዱን ያስወጣና በሌላው ብቻ ያስኬዳል። መጨረሻው ደረጃ ከትልቁ ባትሪ ጋር የሚያገናኙትን ዋና ሪሌዎች (የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያዎች) ከፍቶ ባትሪውን ማቋረጥ ነው። ያኔ መኪናው ለመሄድ ዝግጁ መሆኑን የሚያሳየው "ሬዲ" የሚለው መብራት ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በነበረው ፍጥነት መንሸራተት ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚገርመው ሞተሩ ደህና ሆኖ ሳለ መኪናው እንዴት ይቆማል የሚለው ነው። በተለመደው ማንዋል መኪና ሞተሪኖ ቢቃጠል ተገፍቶ ይነሳል፤ ዲናሞ ቢሞት ባትሪው እስኪያልቅ ይነዳል። በቶዮታ ዓይነት ሃይብሪድ ውስጥ ሞተሪኖም ዲናሞም የሉም። በምትካቸው ኤምጂ1 እና ኤምጂ2 የሚባሉ ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮች አሉ፤ ከቤንዚኑ ሞተር ጋር ፕላኔታሪ ጊር በሚባል፣ ጉልበት በሚያከፋፍል የጥርስ ስብስብ ተያይዘዋል። ኤምጂ2 ጎማውን ይነዳል። ኤምጂ1 ቤንዚኑን ያስነሳል፣ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የቤንዚኑ ጉልበት ወደ ጎማ እንዲሄድ በተቃራኒው ይዞ ይቆማል። ገመድ ሲጎተት በሌላው ጫፍ የሚይዝ ሰው እንደሚያስፈልገው ማለት ነው። ያዡ ከለቀቀ ጎታቹ የቱንም ያህል ጡንቻ ቢኖረው ገመዱ ዝም ብሎ ይከተለዋል። ስለዚህ ኤምጂ1ን የሚያዘው የኢንቨርተር (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሮቹ በሚስማማ መልክ የሚቀይረው ዕቃ) ክፍል ሲበላሽ ጤነኛ የቤንዚን ሞተር ለጎማው ምንም አይጠቅምም። አንድ የኤሌክትሪክ ሞተርና ፍሪሲዮን ባላቸው ሃይብሪዶች ነገሩ ይለያል፤ አንዳንዶቹ በቤንዚን ብቻ መንገዱን ሊጨርሱ ይችላሉ።

ለምን ፈጣን መንገድ ላይ? አንደኛ ሙቀት ነው። ኢንቨርተሩ ከባትሪው የሚመጣውን ቮልቴጅ ከፍ ያደርጋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2015 ሞዴል ባሉት ፕሪየሶች (የቶዮታ ሃይብሪድ) ወደ 200 ቮልት የሚጠጋው እስከ 650 ቮልት ይደርሳል። ይህን የሚሠሩት ትራንዚስተሮች (ኤሌክትሪኩን በፍጥነት የሚያበሩና የሚያጠፉ ክፍሎች) መኪና ለማለፍ ወይም ዳገት ለመውጣት ነዳጅ እስከ ጥግ ሲረገጥ ነው በጣም የሚግሉት። ሁለተኛው ባትሪው ነው። የሁለተኛው ትውልድ ፕሪየስ ባትሪ 201.6 ቮልትና 6.5 አምፒር ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ። ኮምፒውተሩ ከዚህ ከግማሽ በታች የሆነውን ብቻ ነው የሚያስነካው። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመሄድ 15 ኪሎዋት ያህል ስለሚያስፈልግ ቤንዚኑ ከጠፋ ባትሪው ከሁለት ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ከዚህ ሌላ በእነዚህ መኪኖች ከ70 ኪሎ ሜትር አካባቢ በላይ ኤምጂ1 ከልክ በላይ እንዳይሽከረከር የቤንዚኑ ሞተር የግድ መዞር አለበት። ከተማ ውስጥ በባትሪ ተሸፍኖ የሚያልፍ ብልሽት እዚህ መሸሸጊያ የለውም።

ይህ ግምት አይደለም፤ አምራቾች ራሳቸው የሸጡትን መኪና ለጥገና መልሰው የጠሩበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ቶዮታ በአሜሪካ 75 ሺህ ያህል ፕሪየሶችን የቤንዚኑ ሞተር እየሄደ እንዲጠፋ በሚያደርግ የሶፍትዌር ችግር ጠርቷል። በየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዓለም ዙሪያ 1.9 ሚሊዮን ፕሪየሶች ተጠሩ፤ ምክንያቱ እነዚያው የኢንቨርተር ትራንዚስተሮች በሙቀት መጎዳታቸው ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. 2.4 ሚሊዮን ገደማ ፕሪየስና አውሪስ የተባሉ የቶዮታ ሃይብሪዶች ተጠሩ። የዚህኛው ምክንያት ለርዕሳችን ይቀርባል፤ መኪናው ወደ ፌይል ሴፍ መግባት ሲገባው ሳይገባ ቀርቶ ጭራሹን ሊጠፋ ይችል ነበር።

አሁን ወደ መንስኤዎቹ። ኢንቨርተሩ ከቤንዚኑ ሞተር የተለየ የራሱ የማቀዝቀዣ ውሃና ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አለው። ይህ ፓምፕ ሲደክም ከተማ ውስጥ ላያስታውቅ ይችላል፤ ፈጣን መንገድ ላይ ግን ኢንቨርተሩ ይግልና ኃይል ይቆረጣል። ኮምፒውተሩ የሚመዘግበው የብልሽት ኮድ ብዙ ጊዜ ፒ0ኤ93 ነው። ፎርድ ኢስኬፕ ሃይብሪድ ላይም የዚሁ ዓይነት ፓምፕ ሲሞት "አሁኑኑ በደህና ቁም" የሚል መልእክት ዳሽቦርዱ ላይ ይመጣል። ፕሪየስ ላይ ለማየት የሚያስፈልገው የእጅ ባትሪ ብቻ ነው። መኪናው ቀዝቅዞ ሳለ የኢንቨርተሩን የውሃ ማጠራቀሚያ ክዳን ይክፈቱ፤ ሌላ ሰው ፍሬን ረግጦ መኪናውን ሬዲ ያድርገው። ውሃው ሲናወጥና ሲገላበጥ ከታየ ፓምፑ ይሠራል። እንደ ኩሬ ረግቶ ከተኛ ፓምፑ ሞቷል፤ ወይም ውሃው ሲቀየር አየር ተጠምዶ ቀርቷል። የኋለኛው በተለይ ያታልላል፤ ፓምፑ ሲያጉረመርም ይሰማል፣ የሚገፋው ግን አየር ነው።

ትልቁ ባትሪ ላይ የሚሠራው ስህተት ደግሞ ቆሞ መለካት ነው። የሁለተኛውና የሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ባትሪ 28 ሞጁሎች (ተያይዘው ትልቁን የሚሠሩ ትናንሽ ባትሪዎች) አሉት፤ ኮምፒውተሩ ሁለት ሁለቱን አጣምሮ እንደ 14 ብሎክ ያነባቸዋል። ቆሞ ሲለካ 14ቱም እኩል ሊሆኑ ይችላሉ። ነዳጅ በኃይል ሲረገጥ ግን የደከመው ብሎክ ከጓደኞቹ ከአንድ ቮልት በላይ ወርዶ ይታያል። ስለዚህ ንባቡ በጉዞ ላይ፣ ዳገት ላይ መወሰድ አለበት። ባትሪ ከመቀየር በፊት በኋላ ወንበር በኩል ያለውን የአየር ማስገቢያና የማራገቢያውን ወንፊት ማየት ይገባል፤ በአቧራና በእንስሳ ፀጉር የተደፈነ ማራገቢያ ጤነኛ ባትሪን ያግላል፣ የጋለ ባትሪ ደግሞ ኃይል ይነፈገዋል። ፒ0ኤ80 የሚባለው ኮድ ስሙ ራሱ "የሃይብሪድ ባትሪውን ቀይር" ነው። ምርመራውና ማዘዣው በአንድ ወረቀት ላይ የመጣ ይመስል ብዙ ጋራዥ ከዚያ አልፎ አያይም።

ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ትናቃለች እንጂ ኮምፒውተሮቹንና ሪሌዎቹን የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት። መኪናው ጠፍቶ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ ጤነኛ ነው፤ ከ12 በታች ከወረደ እርስ በርስ የማይገናኙ ኮዶች ማዝነብ ትጀምራለች። ሬዲ ላይ ሆኖ ሲለካ ከ13.5 እስከ 14.5 መታየት አለበት። የቤንዚኑ ሞተርም ራሱ ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ የሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ የጭስ መመለሻ መስመር በጥላሸት ሲደፈን የቴስታታ ጓርኒሲዮን እስከ መብላት ይደርሳል፣ ምልክቱም ጠዋት ሲነሳ የሚያናውጥ ሞተር ነው።

መንገድ ላይ ሲከሰት መጀመሪያ አራቱንም ፍሬቻ ያብሩና ፍጥነቱ ሳያልቅ ወደ ዳር ይውጡ። መኪናው እየተንሸራተተ ሳለ የማስነሻ ቁልፉን አይንኩ። ትልቁ ባትሪ ቢቋረጥም መሪው፣ ፍሬኑና መብራቱ በ12 ቮልቷ ይቆያሉ፤ ግን ለጥቂት ጊዜ ነው። ፍሬኑን ደጋግመው ሳይሆን አንድ ጊዜ ረግጠው ይያዙ። ከቆሙ በኋላ የዳሽቦርዱን ፎቶ ያንሱ። ከዚያ አጥፍተው ትንሽ ቆይተው እንደገና ያስነሱት። ሬዲ ከመጣ ወደ ፈጣኑ መንገድ ላለመመለስ ይሞክሩ። መጎተት ካለበት የሚነዱት ጎማዎች መሬት መንካት የለባቸውም፤ ኤምጂ2 ከጎማው ጋር ሁልጊዜ ስለተያያዘ ጎማው በዞረ ቁጥር ኤሌክትሪክ ያመነጫል። የኋላ ሞተርም ካለው አራቱም ጎማ መጫን አለበት። ብርቱካናማ ገመድ ያለበትን ማንኛውንም ነገር አይንኩ፤ ባለሙያ እንኳ የአገልግሎት መሰኪያውን ነቅሎ 10 ደቂቃ ጠብቆ፣ ከዚያም በቮልቴጅ መለኪያ አረጋግጦ ነው የሚነካው።

ጋራዡ ጋር ያለው ጭቅጭቅ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከዚህ በፊት ነው፤ አንድ ደግ ሰው "ትንሿን ባትሪ ነቅለን እንስካት፣ መብራቱ ይጠፋል" ያለ ዕለት። መብራቱ በእርግጥ ይጠፋል። አብሮት የሚጠፋው ፍሪዝ ፍሬም ነው፤ ማለትም ብልሽቱ በተፈጠረባት ቅጽበት ኮምፒውተሩ ያነሳው ፎቶ። በዚያች ሰከንድ የነበረው ፍጥነት፣ የሞተሩ ዙር፣ የውሃው ሙቀት፣ በብዙዎቹ መኪኖች የባትሪው ቮልቴጅና የኢንቨርተሩ ሙቀት ጭምር እዚያ ተመዝግቧል። መኪናው ተጭኖ እስኪደርስ ቀዝቅዟል፤ ጋራዡ ግቢ ውስጥ ቢዞር አይደግመውም። ያ ፎቶ ከሌለ መካኒኩ የሚይዘው የለውም።

ሁለተኛው ክፍተት ንዑስ ኮድ ነው። ተራ ኮድ ማንበቢያ ብዙ ጊዜ የሚያነበው የቤንዚኑን ሞተር ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ የሃይብሪዱን ለማንበብ ቴክስትሪም የሚባለው የቶዮታ መመርመሪያ ሶፍትዌር ወይም የሃይብሪድ ኮምፒውተሮችን የሚከፍት ማንበቢያ ያስፈልጋል። ፒ0ኤኤ6ን እንውሰድ። ትርጉሙ ከፍተኛው ቮልቴጅ ወደ መኪናው አካል እያፈሰሰ ነው ማለት ነው፤ ከየት እንደሚያፈስ ግን አይናገርም። ፕሪየስ ላይ ከሥሩ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር አለ። 526 ብቻ ከሆነ ቦታው ገና አልተለየም። 611 ወደ አየር ማቀዝቀዣው ኮምፕረሰር፣ 612 ወደ ባትሪው፣ 613 ወደ ካምቢዮው፣ 614 ወደ ኢንቨርተሩና ገመዶቹ ይጠቁማል። አራት ቦታ፣ አራት ዋጋ፣ ዋናው ኮድ ግን አንድ። "ፒ0ኤኤ6 ስለሆነ ባትሪ ይቀየር" የሚል ሰው 612ን ካላሳየ ያለ ማስረጃ እየገመተ ነው። ኢንቨርተሩ ውስጥ ያለው የቮልቴጅ ማሳደጊያ ሲበላሽ የሚመጣው ፒ0ኤ94ም የራሱ ንዑስ ቁጥሮች አሉት።

ስለዚህ መኪናውን ሲያስረክቡ በጽሑፍ ይስጡ፦ ቀኑን፣ ፍጥነቱን፣ ዳገት ወይም ሜዳ መሆኑን፣ የአየር ማቀዝቀዣው በርቶ እንደነበር፣ ከተነሱ ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ የዳሽቦርዱን ፎቶ። "አንዳንዴ ይቆማል" የሚል ቅሬታ ሥራ ትዕዛዙ ላይ ከተጻፈ መካኒኩ የሚፈትሸው "አንዳንዴ"ን ነው። ከጋራዡ የሚጠየቀው ደግሞ ኮዶቹ ከነንዑስ ቁጥራቸውና ከነፍሪዝ ፍሬማቸው ታትመው እንዲሰጡ፣ ይህም ማንም ከማጥፋቱ በፊት እንዲሆን፣ ባለ 17 ፊደልና ቁጥር የሻሲ ቁጥሩ ያልተሠራ ጥሪ እንዳለበት እንዲታይ፣ የኮምፒውተሩ ሶፍትዌር ቅጂ ቁጥር እንዲመዘገብ ነው። ክፍል ከተቀየረ አሮጌውን ይጠይቁ፤ ኢንቨርተር ከተቀየረ ፓምፑ ተፈትሾ እንደሆነ ይጠይቁ፤ አዲስ ኢንቨርተር በሞተ ፓምፕ ላይ መግጠም አዲሱንም ማቃጠል ነው።

መኪናው ከመረከቡ በፊት የሙከራ ጉዞው ብልሽቱ በታየበት ፍጥነትና ጭነት፣ ሙሉ በሙሉ እስኪሞቅ፣ ማንበቢያው ተሰክቶ መሆን አለበት። ከጉዞው በኋላ የተረጋገጡ ኮዶች ብቻ ሳይሆን ፔንዲንግ የሚባሉትም ይታዩ። አንዳንድ ብልሽት በሁለት ተከታታይ ጉዞ ካልተደገመ መብራት አያበራም፤ መብራት ሳይኖር የድሮው ኮድ ፔንዲንግ ዝርዝር ውስጥ ከተገኘ መኪናው ገና አልተጠገነም፣ ቁልፉንም መልሶ ማስረከብ ነው።