መኝታውን ሁሉ ያነጥፍለታል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፥ እንዴት ሰነበታችሁ? ጾሙ እንዴት ይዟችኋል?

ባለፈው እሑድ የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ፥ መፃጉዕ ነበር። ዲያቆኑ ከዳዊት መዝሙር የተወሰደውን ምስባክ ሲሰብክ ሰምታችኋል። «እግዚአብሔር ይረድኦ ውስተ ዐራተ ሕማሙ፤ ወይመይጥ ሎቱ ኵሎ ምስካቦ እምደዌሁ።» አማርኛው «እግዚአብሔር በደዌው አልጋ ሳለ ይረዳዋል፤ መኝታውን ሁሉ በበሽታው ጊዜ ያነጥፍለታል» ይለዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ቃል ነው። ዘንድሮ ግን ስሰማው አንገቴን ደፋሁ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

በቅዳሴው ሰዓት አንዲት እናት ግድግዳውን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» አለ። የተቀመጣችሁ ተነሡ ማለት ነው። ሁሉም ተነሣ። እሳቸውም ግድግዳውን በእጃቸው ይዘው ግማሽ ድረስ ተነሡ። ከዚያ ፊታቸው ተጨማደደና ተመልሰው ተቀመጡ። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ደጀ ሰላሙ ጋ አንዲት እኅት ጠጋ አለቻቸው። «እማማ፥ ንስሐዎን በደንብ ያጣሩ እንጂ። ሐኪም ያላገኘው በሽታ መቼም ያለ ምክንያት አይመጣም» አለቻቸው። ክፋት አልነበረባትም፤ የረዳቻቸው መስሏት ነው። እሳቸው ምንም አልመለሱም። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው፥ በትራቸውን ይዘው፥ ትምህርቱን ሳይሰሙ ወጡ።

እኔ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል አልተናገርኩም። ይኸው ዝምታዬ ነው ሳምንቱን ሙሉ ሲያንገበግበኝ የሰነበተው።

እኒህ እናት እዚሁ ጎንደር፥ ወደ ቁስቋም በሚያወጣው ዳገት ላይ ይኖራሉ። እንጀራ ጋግረው እየሸጡ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ሕመሙ የጀመራቸው ከወገባቸው ነው። ከዚያ በግራ እግራቸው ቁልቁል ወርዶ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ይነዝራል። አንዳንድ ቀን ይጠዘጥዛል፥ አንዳንድ ቀን ይደነዝዛል። መጀመሪያ «ብርድ ነው» ተባሉ። ወጌሻ አሻቸው። ቀጥሎ ሐኪም ቤት ሄዱ፤ ራጅ ተነሡ። ከዚያ ልጃቸው ተበድራ ኤምአርአይ አስነሣቻቸው። ውጤቱን ያየው ሐኪም ወረቀቱን አጠፈና «ምንም የለብዎትም» አላቸው።

«ልጄ» አሉኝ አንድ ቀን፥ «ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን እንደዚያን ዕለት ከፍቶኝ አያውቅም። ስም ቢኖረው እኮ፥ ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው አይጠፋኝም ነበር።»

ስም የሌለው ሕመም ሁለት ጊዜ ያማል። አንዴ በሥጋ፥ አንዴ በሰው ፊት። እግሩ የተሰበረ ሰው ጄሶውን ያያሉና ወንበር ይለቁለታል። ወገቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲቆረጥመው ያደረውን ግን ማን ያየዋል? ቀን ቀን ደህና ይመስላል። ስለዚህ አንዱ ሰነፍ ይለዋል፥ አንዱ መተት ነው ይላል፥ ሌላው ዓይነ ጥላ ነው ይላል። እኛ መንፈሳውያን ነን የምንለው ደግሞ ኃጢአት እንቆጥርለታለን።

እስኪ ወንጌሉን አብረን እንየው። ዮሐንስ ምዕራፍ 5 ነው። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዙሪያ የተኙትን ሲዘረዝር ዕውሮች አሉ፥ አንካሶች አሉ፥ ሰውነታቸው የሰለለ አሉ። እነዚህ የበሽታቸው ስም አላቸው። ወደዚያ ሰው ሲመጣ ግን «ከሠላሳ ስምንት ዓመት ጀምሮ የታመመ አንድ ሰው» ብቻ ይላል። ታመመ፤ በቃ። ምን እንዳመመው አልተጻፈም። መፃጉዕ የምንለውም ስሙን አይደለም፤ ድውይ፥ በሽተኛ ማለታችን ነው። ወንጌላዊው የበሽታውን ስም ትቶ የዓመቱን ቁጥር ጻፈልን። 38 ዓመት!

ጌታችንስ ምን አደረገ? «ተኝቶ ባየ ጊዜ፥ እስከ አሁን ብዙ ዘመን እንዲሁ እንደ ነበረ አውቆ» ይላል። አየ፥ አወቀ። መጀመሪያ ያወቀለት የሕመሙን ርዝመት ነው። ስንት ሌሊት እንደነጋበት አወቀለት። «ምን ሠርተህ ነው?» አላለውም። «ልትድን ትወዳለህን?» ነው ያለው።

የሰውየው መልስ ደግሞ ልብ ይሰብራል። አዎ ወይም አይ አላለም። «ሰው የለኝም» አለ። «እኔ ስመጣ ሳለሁ ሌላው ቀድሞኝ ይወርዳል።» እኛ ጎንደሬዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በጥምቀት ዋዜማ፥ ጥር 10፥ ፋሲለደስ መጠመቂያ ሄደን አይደል የምናድረው? ጥር 11 ጠዋት ውኃው ከተባረከ በኋላ ጎረምሶቹ እንዴት ተሽቀዳድመው እንደሚዘሉ እናውቃለን። ደስ ይላል፤ በረከት ነው። ግን ግንቡ ጥግ፥ ከሕዝቡ ኋላ፥ በትር ተደግፎ የቆመ ሰውም አለ። የሚረጨው ውኃ እሱ ጋ አይደርስም። እኒያ እናት ዘንድሮ እዚያ ነበሩ። ጠበሉ የደረሳቸው አንድ የማያውቁት ልጅ በሃይላንድ ቀድቶ ስላመጣላቸው ነው። የማን ልጅ እንደሆነ አላወቁም። እስካሁን በጸሎታቸው ያነሡታል።

አሁን አንዳንዶቻችሁ ቁጥር 14ን እንደምትጠቅሱልኝ አውቃለሁ። «ከዚህ የሚብስ እንዳይደርስብህ ወደ ፊት ኃጢአት አትሥራ» ብሎታል አይደል ትላላችሁ። አዎ፥ ብሎታል። ግን መቼ? ካዳነው በኋላ። ማን ነው ያለው? ልብንና ኵላሊትን የሚመረምረው። አንተና እኔ የሰውን ልብ መርምረናል? በምዕራፍ 9 ደግሞ ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ «እርሱ ወይስ ወላጆቹ ኃጢአት የሠራ ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁት፥ እርሱም አልሠራም ወላጆቹም አልሠሩም ብሎ ጥያቄያቸውን ዘጋው። ንስሐ ለሁላችንም ነው። ንስሐን የበሽተኛ ብቻ አድርጎ በጀርባው ላይ መጫን ግን ከየት የመጣ ትምህርት ነው?

አንድ ነገር ልጨምር። መምህራኖቻችን ሲተረጉሙ፥ ይህ መፃጉዕ ኋላ በሊቀ ካህናቱ አደባባይ ጌታን በጥፊ የመታው ሰው ነው ይላሉ። ጌታ ያንን እጅ አስቀድሞ ያውቀዋል። እያወቀ አዳነው። በሌላ በኩል ጥር 24 ያከበርነውን በዓል አስቡ። ስባረ አጽሙ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት። ጻድቁ ከመቆም ብዛት እግራቸው ተሰበረች። ሰባት ዓመት በአንድ እግራቸው ቆመው ጸለዩ። እንግዲህ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸው። አዳኙን የሚመታው ተነሥቶ ሄደ። ጻድቁ እግራቸውን አጡ። ጤናን የጽድቅ ደመወዝ፥ ሕመምን የኃጢአት ቅጣት አድርጎ የሚያስብ ሰው እነዚህን ሁለቱን ምን ሊላቸው ነው?

እኔ ይህን ሳስብ ደነገጥኩ። ስንት ጊዜ ነው በተክለ ሃይማኖት ንግሥ ዕለት እልል ብለን፥ በማግስቱ እግሩን የሚጎትተውን ሰው በጥርጣሬ ያየነው?

በሰንበት ትምህርት ቤታችን ያደገ አንድ ሐኪም ወንድም አለን። ስለ እኒህ እናት ሳጫውተው ያስረዳኝን ላካፍላችሁ። ኤምአርአይ የአጥንቱንና በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለውን የዲስኩን ቅርጽ ነው የሚያሳየው። ሕመምን አያሳይም። ዲስኩ አበጥ ብሎ ምንም የማያመው ሰው አለ፤ ፎቶው ንጹሕ ሆኖ ሌሊት የማይተኛም አለ። ከሦስት ወር ያለፈ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል። እየቆየ ሲሄድ ነርቩ ራሱ ትንሽ ነገር ሲነካው የሚጮኽ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው። ከአሥሩ በዘጠኙ ገደማ ይህ ነው የሚባል አንድ ምክንያት አይገኝም። ስለዚህ «አልታየንም» እና «የለብዎትም» አንድ አይደሉም። ሐኪሞች ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ እባካችሁ ይህችን ቃል ለይታችሁ ተናገሩ። አንዲት ቃል ሰውን ቤቱ ድረስ ታስለቅሳለች።

ይኸው ወንድማችን አጥብቆ ያለኝ ሌላም ነገር አለ። እግር በድንገት ከሰለለ፥ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፥ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፥ ወይም ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ከተጨመረ አንድ ቀን ሳታሳድሩ ሐኪም ቤት ሂዱ። ከዚያ ውጪ ቀኑን ሙሉ መተኛት አይጠቅምም፤ ቀስ እያሉ መራመድ ይሻላል።

ስለ ጾሙም ልናገር። እኒህ እናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ ይቆያሉ። ጠዋት ሕመሙ ሲጠናባቸው ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ በባዶ ሆዳቸው ይውጣሉ። ጨጓራቸውም ታመመ። ይህ ጾም አይደለም። ፍትሐ ነገሥቱ ለሕሙማን ፈቅዷል። የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ያቀልሉላችኋል። ጠበሉም ቢሆን ከመድኃኒቱ ጋር አይጣላም። አቡነ ጳውሎስ ነፍሳቸውን ይማርና፥ በኤችአይቪ የተያዙ ወገኖቻችን መድኃኒቱንም ጠበሉንም አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር። ሲራክም ባለ መድኃኒቱን አክብረው፥ እሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ይላል። «እምነት ካለህ ክኒኑን ጣለው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት።

ቅዳሴ ላይ ስለ መቀመጥም እንዲሁ ነው። በዓታ ሄዳችሁ ሊቃውንቱ ሲቆሙ አይታችኋል? አቋቋም፥ የዝማሬውና የሽብሸባው ትምህርት፥ የሚመሰከርበት ደብር ነው። ሌሊቱን ሙሉ ይቆማሉ፤ ግን እያንዳንዳቸው መቋሚያ ይዘዋል። ቤተ ክርስቲያን ለጤነኛው እንኳ የሚደገፍበትን ዘንግ ሰጥታዋለች። ለታመመው ትከለክለዋለች?

እናንተ የምትታመሙት፥ አሁን ለእናንተ ነው የምናገረው። ወደ ምስባኩ ልመለስ። ግእዙ «ይመይጥ ሎቱ ኵሎ ምስካቦ» ነው የሚለው። ይገለብጥለታል፥ ያዞርለታል ማለት ነው። በሽተኛ ያስታመመ ሰው ይህ ይገባዋል። በአንድ ጎን ተኝቶ ሲሰለቸው ታዞረዋለህ። አንሶላውን ትጎትትለታለህ። የጎደጎደውን ታስተካክልለታለህ። እኒያ እናት ሌሊት ከቀኝ ወደ ግራ ለመዞር ስንት ጊዜ እንደሚያርፉ ነግረውኛል። ከጉልበታቸው ሥር ትራስ አድርገው፥ በእጃቸው አልጋውን ይዘው፥ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ነው የሚዞሩት። በዚያች ሰዓት ማንም አያያቸውም። ዳዊት ግን አንድ የሚያያቸው አለ ይላል። ሰማይን እንደ መጋረጃ የዘረጋው ጌታ ጎንበስ ብሎ መኝታ ያነጥፋል። ጸሎተ ሐሙስ እግር የሚያጥበው እሱ አይደል?

ልብ በሉ፥ ይህ ቁጥር ወዲያው ያስነሣዋል አይልም። በደዌው አልጋ ሳለ ይረዳዋል ነው የሚለው። ገና ተኝቶ ሳለ። ገና ሳይድን። ስለዚህ ያልዳናችሁት ያልተሰማችሁ አይደላችሁም። ለቅዱስ ጳውሎስ እንኳ ሦስት ጊዜ ለምኖ የተሰጠው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር። «የሥጋዬ መውጊያ» ያለው ምን እንደሆነም አልነገረንም። የእሱም ሕመም ስም የለውም። ለመዳን ጸልዩ፤ እኔም እጸልያለሁ። ሌሊት ለመዞር ስትታገሉ ግን «አንሰ እቤ እግዚኦ ተሣሃለኒ» በሉ። እኔስ አቤቱ ማረኝ አልሁ ማለት ነው፤ የምስባኩ መጨረሻ ነው። ረጅም ጸሎት ለመቆም ጉልበት ከሌላችሁ ይህች ትበቃችኋለች።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ሁለት ልጆች ይዤ ዳገቱን ወጣሁ። በሩን የከፈቱልን እየተደገፉ ነው። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ስለ ምኑ?» አሉኝ። በዚያች ዕለት አጠገብዎ ቆሜ ዝም ስላልኩ ነው አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «አይቼህ ነበር» አሉ። ከዚያ ቆሎ አቀረቡልን።

ስንጫወት አንደኛዋ ልጅ አልጋውን አየችው። ጥጡ ወደ ዳር ሸሽቶ መሐሉ ጎድጉዷል። ስንት ዓመቱ ነው ብትላቸው ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ የተሰፋ እንደሆነ ነገሯት። «ብቻዬን አልገለብጠው ነገር» አሉ። ልጆቹ ተነሥተው ወዲያና ወዲህ ይዘው ገለበጡላቸው። ግን ያው ነው፤ በዚያም በኩል አልቋል።

ቅዳሜ ጠዋት ፍራሽ አዳሹ ይመጣል። ጥጡን ልጆቹ እያዋጡ ነው። እሑድ ደብረ ዘይት ነው፤ አልጋውን ያየችው ልጅ በባጃጅ ሄዳ ታመጣቸዋለች። ዱካም ይዛለች፤ ከሴቶች በኩል አምዱ ሥር ይቀመጣል። «ተንሥኡ» ሲባል እሷም አብራቸው ልትቀመጥ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።