ጥንቸሏና ሊፕስቲኩ፦ ከብሬግዚት በኋላ የመዋቢያ ምርቶች የእንስሳት ሙከራ በብሪታንያ

ለንደን ውስጥ ሻምፑ ወይም ክሬም ሲገዙ ዕቃው ላይ አንዳንዴ የምትዘል ትንሽ ጥንቸል ትታያለች። ምርቱ እንስሳ ላይ አልተሞከረም ማለት ነው። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ ይህች ምልክት ትርጉም ታጣ ይሆን ብለው የሰጉ ነበሩ። ስጋቱ ከንቱ አልነበረም። ነገሩ የተበላሸው ግን እነሱ በጠበቁት በኩል አይደለም። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጥንቸል የዚህ ታሪክ ምልክት የሆነችው በዓይኗ ነው። በ1944 አሜሪካዊው ጆን ድሬዝ በስሙ የሚጠራውን ሙከራ አወጣ። ኬሚካሉ ጥንቸሏ ዓይን ውስጥ ይጨመራል፤ ከዚያ መቅላቱና ማበጡ ለቀናት እየታየ ነጥብ ይሰጠዋል።

የብሪታንያ ተቃውሞ ከዚህም ይቀድማል። ዛሬ ክሩኤልቲ ፍሪ ኢንተርናሽናል የሚባለውን ማኅበር ፍራንሰስ ፓወር ኮብ የመሠረተችው በ1898 ነው። በ1976 ደግሞ አኒታ ሮዲክ ብራይተን ከተማ ውስጥ ቦዲ ሾፕ የተባለውን፣ የእንስሳ ሙከራን የሚቃወም የመዋቢያ ሱቅ ከፈተች፤ ዘመቻውም ከፓርላማ ደጅ ወደ ሱቅ መደርደሪያ ወረደ። በ1998 መንግሥት ለመዋቢያ ምርት ሲባል በእንስሳ ላይ ለመሞከር ፈቃድ መስጠት አቆመ። ኅብረቱ ዘግይቶ ነው የተከተለው። በ2004 ያለቀለትን ምርት፣ በ2009 ንጥረ ነገሮቹን መሞከር ከለከለ። በ2013 ደግሞ ለመዋቢያ ተብሎ እንስሳ ላይ የተሞከረን ነገር መሸጥም ቀረ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ኅብረቱ ሌላ ሕግም ነበረው። ሪች የሚባለው የኬሚካል ሕግ በ2007 ሥራ ጀመረ። የመዋቢያው ሕግ የሚያስበው ክሬሙን ለሚቀባው ሰው ነው። ሪች ግን ፋብሪካ ውስጥ ዱቄቱን በርሜል ላይ ለሚገለብጠው ሠራተኛም ያስባል። ያ ሠራተኛ ኬሚካሉን ዓመቱን ሙሉ ቢተነፍሰው ምን ይሆናል? የቆዳንና የዓይንን መቆጣት ዛሬ ከሰው ሕዋስ ላብራቶሪ ውስጥ በተሠራ ቆዳ ማየት ይቻላል። ለረጅም ጊዜ ጉዳትና ለፅንስ ግን ሕጉ አሁንም አይጥና ጥንቸል ይጠይቃል። እውነቱን ለመናገር፣ ይህኛው ጥያቄ የክፋት አይደለም። ነገሩን ከባድ ያደረገውም ይኸው ነው።

ሁለቱ ሕጎች የተጋጩት በፀሐይ መከላከያ ክሬም ነው። ሄልሲንኪ ያለው የኅብረቱ የኬሚካል መሥሪያ ቤት፣ ሲምራይዝ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ሁለት ንጥረ ነገሮችን እንስሳ ላይ እንዲሞክር አዘዘ። አንዱ ሆሞሳሌት ነው። ኩባንያው እነዚህ መዋቢያ ውስጥ ብቻ ነው የሚገቡት ብሎ ተከራከረ። በ2020 የመሥሪያ ቤቱ ይግባኝ ሰሚ፣ በ2023 ደግሞ የኅብረቱ ፍርድ ቤት አልተቀበሉትም።

ብሪታንያስ? በጥር 2020 መጨረሻ ኅብረቱን ለቀቀች። ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ሁለቱንም ሕጎች ገልብጣ የራሷ አደረገቻቸው፤ ከነስንጥቃቸው። ሰሜን አየርላንድ በኅብረቱ ሕግ ሥር ቀረች። ስለዚህ አንድ ሊፕስቲክ ቤልፋስት ውስጥ ሲሸጥና ለንደን ውስጥ ሲሸጥ የሚዳኘው በተለያየ ሕግ ነው።

በዚያው በ2021 መንግሥት አቋሙ መቀየሩን ለክሩኤልቲ ፍሪ ኢንተርናሽናል ጻፈ። ማኅበሩ ከሰሰ። ጉዱ የወጣው በክርክሩ ላይ ነው። የ1998ቱ እገዳ የተነሳው በ2019 ኖሯል፤ ብሪታንያ ገና የኅብረቱ አባል ሳለች፣ ለሕዝቡ አንድም ቃል ሳይነገር። ምክንያቱ ሪች ነበር። እንግዲህ ጣት ሁሉ ወደ ብሬግዚት ሲቀሰር በሩ ከውስጥ ተከፍቶ ቆይቷል።

ግንቦት 5 ቀን 2023 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለውጡ ሕገ ወጥ አይደለም ብሎ ክሱን ውድቅ አደረገ። በፍርድ ቤት የረታው መንግሥት ግን በአደባባይ አልረታም። ከ12 ቀን በኋላ የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሱዌላ ብራቨርማን አዲስ ፈቃድ እንደማይሰጥ አስታወቁ። ከ2019 እስከ 2022 ጥቂት ፈቃዶች መሰጠታቸውንም መንግሥት አመነ።

ከኅብረቱ መውጣት እዚህ ጋ ጠቀመ ማለት ይቻላል። ለንደን ሄልሲንኪን ሳትጠይቅ ወሰነች። ነገር ግን አዲሱ እገዳ የሚመለከተው ለመዋቢያ ብቻ የሚውሉ ንጥረ ነገሮችን ነው። ሁሉም ነገር ያለው «ብቻ» በምትለዋ ቃል ውስጥ ነው። ግሊሰሪን ክሬም ውስጥ አለ፤ የሳል ሽሮፕ ውስጥም አለ። ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ፀሐይ ይከላከላል፤ የቤት ቀለምም ነው። እንዲህ ሁለት ቦታ የሚሠራ ኬሚካል ሲመጣ እገዳው አይነካውም፤ ያው ኬሚካል የገባበት ክሬም ግን ጥንቸሏን ለጥፎ ከሚሸጠው ጎን ይደረደራል።