«ያልነካካ አይነካም» እና ሌሎች ስለ ደርግ ዘመን ጎንደር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጎንደር ውስጥ ቡና ተፈልቶ ወሬው ወደ ደርግ ዘመን ካመራ፣ አንድ ሰው ይህችን ግጥም ሳይላት አይቀርም፦

መላኩ ተፈራ የእግዜር ታናሽ ወንድም፣
የዛሬን ማርልኝ ሁለተኛ አልወልድም።

ወጣቶቹ ይስቃሉ። እኔም ልጅ ሆኜ ስቄያለሁ። አሁን ስሰማት ግን ሆዴን ትበላኛለች። ያን ዘመን ያላየን ሰዎች ስለ እሱ ከምናወራው ብዙው የተዛነፈ ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ግጥሟ ቀልድ ናት»

አይደለችም። ሻለቃ መላኩ ተፈራ የደርግ አባልና በቀይ ሽብር ዘመን የጎንደር ክፍለ ሀገር አስተዳዳሪ ነበር። ልጇ የተያዘባት እናት አቤት የምትልበት ዳኛ አልነበራትም። የልጇ ነፍስ በአንድ ሰው አፍ ላይ ናት። ይሙት ካለ ይሞታል፣ ይኑር ካለ ይኖራል። ታዲያ ይህን ሥልጣን ከእግዜር ሌላ ማን ነበረው? ለዚህ ነው ታናሽ ወንድም ያደረገችው። ሁለተኛውን ስንኝ ደግሞ ረጋ ብላችሁ ስሙት። በእኛ አገር ሴት ልጅ ለማግኘት ታቦት ለታቦት ትሳላለች። ይህች እናት ግን መውለዷን እንደ ጥፋት ቆጥራ ይቅርታ እየጠየቀች ነው።

«ቀይ ሽብር የአዲስ አበባ ታሪክ ነው»

መንግሥቱ ኃይለማርያም ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች የጠላት ደም ምሳሌ አድርጎ አደባባይ የከሰከሰው አዲስ አበባ ነው። የሰማዕታቱ መታሰቢያ ሙዚየምም እዚያ ነው። ስለዚህ አእምሯችን ወደዚያ ይሄዳል። ነገር ግን ጎንደር ላይ ነገሩ ድርብ ነበር። ከተማው ውስጥ ተማሪውና መምህሩ ደርግን በሚቃወመው የግራ ፓርቲ፣ በኢሕአፓነት ይጠረጠራል። በመተማና በሁመራ በኩል ደግሞ ኢዲዩ የሚባለው ሌላው የደርግ ተቃዋሚ ድርጅት በ1969 ጦር ይዞ ገብቶ ነበር። የጎንደር ወጣት ለአንዱ ልቡ ባይሸፍት ለሌላው ሸፍቷል ይባላል። ቤተ እስራኤላውያንም ቢሆኑ አልተረፉም። ዕብራይስጥ ያስተማሩ መምህራን ታስረዋል።

«ሰውን የፈጀው ደኅንነት መሥሪያ ቤት ነው»

ደኅንነት ሲባል ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰውዬ ነው የሚታየን። የአገርና የሕዝብ ደኅንነት ጥበቃ ሚኒስቴር የሚባለው በእርግጥ አስፈሪ ነበር፤ ሰዎቹን ምሥራቅ ጀርመን አሠልጥናለታለች። ግን የተቋቋመው ዘግይቶ ነው። ጠርሙሱ ሲከሰከስ ሚኒስቴሩ ገና አልነበረም።

መጀመሪያ የነበረው ቀበሌ ነው። ቀበሌ የመጣው ለክፉ አልነበረም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ቤቶቹን የሚያስተዳድር የሰፈር ማኅበር ሆኖ ተፈጠረ። ቤት ያከራያል፣ መታወቂያ ይሰጣል፣ ስኳርና ዘይት በኮታ ያድላል። ማን የት ቤት እንደሚኖር፣ ስንት ቤተሰብ እንዳለው በመዝገቡ አለ። በዚህ ላይ በ1969 ለቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ጠመንጃ ተሰጠ። ከዚያ ወዲያ ሰላይ መላክ ምን ያደርጋል? አሰሳ ሲመጣ በር የሚያንኳኳው ስምህን የሚያውቅ፣ ከአባትህ ጋር ዕድር የሚቀመጥ ሰው ነው። እኔ ከሁሉ የሚከብደኝ ይኼ ነው።

«ያልነካካ አይነካም»

ይህን አባባል ዛሬም በየታክሲው እሰማዋለሁ። «እሳት በሌለበት ጭስ አይወጣም» የሚሉም አሉ። እንዲህ የሚል ሰው አንድን ስም ወደ መዝገብ የሚያስገባው ምን እንደሆነ አላሰበበትም።

ወፌ ላላን ውሰዱ። እጅና እግር ይታሰራል፣ በመሐል እንጨት ይገባል፣ ሰውየው ተዘቅዝቆ ይሰቀላል፣ ከዚያ የውስጥ እግሩ ይገረፋል። የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ስም አምጣ። በእርግጥ በድርጅቱ ሥራ የገባበት ሰው ቢሆን ጥቂት ጓዶቹን ያውቃል፤ እነሱንም ቢሆን በሐሰት ስማቸው። ምንም የማያውቀው ግን ምን ይበል? ግርፋቱ እንዲቆምለት የመጣለትን ይላል። የክፍል ጓደኛውን፣ የአክስቱን ልጅ፣ መጽሐፍ ያዋሰውን። እነሱም ይያዛሉ፣ እነሱም ይሰቀላሉ፣ እነሱም ስም ይናገራሉ። ዱላው ራሱ ተጠርጣሪ ይወልዳል።

ከዚያ የቂሙ መንገድ አለ። ድንበር የተጋፋ ጎረቤት፣ የተከለከለ ጋብቻ፣ ያልተመለሰ ብድር። «ፀረ አብዮት ነው» የምትል አንዲት ቃል ስትበቃ፣ ፍርድ ቤት ለዓመታት መመላለስ ቀረ። ያለ ፍርድ መግደሉን «ነፃ እርምጃ» ይሉት የነበረውም ይኸው ነው። ነፃ የተባለው ከምርመራ፣ ከክስና ከዳኛ ነፃ ስለሆነ ነው።

ስለዚህ «ምን አድርጎ ይሆን?» ብለን ስንጠይቅ የገዳዮቹን መዝገብ እያመንን ነው።

«ሁሉን ያውቁ ነበር»

ይህን እምነት የዘሩት የደርግ ሰዎች ራሳቸው ናቸው፣ ጠቅሟቸዋልም። ግድግዳው ጆሮ አለው ብሎ የሚያምን ሰው ራሱን በራሱ ይጠብቃል። ዳሩ ግን ሁሉን የሚያውቅ መንግሥት ስም ለማግኘት እግር መግረፍ አያስፈልገውም ነበር። ከደርግ በፊትም ነገሩ ያው ነው። ጃንሆይ እርስ በርሳቸው የሚጠባበቁ የስለላ ክፍሎች ነበሯቸው። የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሲነሳ ግን ከጠንሳሾቹ አንዱ የራሳቸው የደኅንነት ሹም፣ ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁ ነበር።

«ኢሕአፓም ገድሏል፤ ስለዚህ ሁለቱም እኩል ናቸው»

ኢሕአፓ መግደሉ እውነት ነው። መስከረም 13 ቀን 1969 መንግሥቱ ላይ ተተኩሷል፤ የቀበሌ ሹማምንትና ያኔ ከደርግ ጎን የቆመው ፓርቲ፣ የመኢሶን፣ ሰዎች ተገድለዋል። የእነዚያም እናቶች አልቅሰዋል፣ ይህንን መሸሸግ ነውር ነው። ነገር ግን መንግሥት ሕግ አለው፣ ፍርድ ቤት አለው፣ እስር ቤት አለው። እጁ የታሰረን ልጅ ሌሊት አውጥቶ መግደልን የተኩስ ልውውጥ ልለው አልችልም።

«ማንም አልተጠየቀበትም»

ተጠይቀዋል። የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በ1987 ተጀመረ። ታኅሣሥ 1999 ላይ መንግሥቱና አንዳንዶቹ በሌሉበት፣ ሌሎቹ ደግሞ ፊት ለፊት ቆመው በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባሉ። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በዘር ማጥፋት ውስጥ የፖለቲካ ቡድንን ማጥፋትንም ይጨምር ስለነበር ነው እንዲህ የተባለው። በ2000 ይግባኙ የዕድሜ ልክ እስራቱን ወደ ሞት ቅጣት አጠነከረው፣ በ2003 መልሶ ወደ ዕድሜ ልክ ዝቅ አለ፣ በ2004 በርካቶቹ በአመክሮ ወጡ። በቂ ነው አይደለም ሌላ ክርክር ነው። አልተጠየቁም ማለት ግን ለምስክርነት ችሎት የቆሙትን እናቶች መርሳት ነው።

«ሰዉ ረስቶታል፣ ዝም ያለው ለዚያ ነው»

ዝም ያለው ለቅሶ ስለተከለከለ ነው። የተገደለ ልጅ ላይ ድንኳን መጣል፣ ደረት መምታት፣ ጥቁር መልበስ «ከፀረ አብዮት ጋር ማበር» ነበር። የጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉም አሉ። ለቅሶ አዋቂ በሆነችው ጎንደር፣ ሙሾ አውራጅ በሞላባት ከተማ፣ እናቶች በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው አደሩ።

ሰፈራችን አንዲት እናት ነበሩ። አንድ ቀን ከጤና ጣቢያ ቅጽ የምትሞላ ልጅ መጣች።

«እማማ፣ ስንት ወለዱ?»

«አራት።»

«በሕይወት ያሉትስ?»

«ሦስት። አንዱን አላለቀስሁለትም።»

ልጅቷ ቅጹ ላይ የምታሰፍርበት ቦታ አጣች።