ጠመንጃ ተቀምጦ ለምን ይዝጋል? ስለ ዝገትና ጭረት የተለመዱ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለወራት ሳልነካው የቆየ ጠመንጃ አንድ ቀን ከሳጥኑ አወጣሁ። በርሜሉ ላይ የአውራ ጣት አሻራ በዝገት ተስሎ አገኘሁ። መስመሮቹ አንድ በአንድ የሚቆጠሩ ነበሩ። አሻራው የራሴ ነው፤ ወልውዬው፣ ዘይት ቀብቼው፣ በመጨረሻ በባዶ እጄ በርሜሉን ይዤ ወደ ቦታው መልሼው ነበር። በላብ ውስጥ ያለው ጨው ቀሪውን ሠራ።

ብረት ለመዛግ ውኃና ኦክስጅን ይበቁታል፤ ጨው ሲጨመር ደግሞ ይፈጥናል። ከዚያ ቀን ወዲህ የተበላሹ መሣሪያዎችን ሳይ አስቀድሜ የምጠይቀው «በምን ተጠቅልሎ ነበር? ማን ወለወለው? በምን?» ብዬ ነው። ብዙውን ጊዜ መሣሪያውን የጎዳው ባለቤቱ ሊጠብቀው ብሎ ያደረገው ነገር ሆኖ ይገኛል።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላሳስብ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚሠራው የጥይት ካዝናው ለተነቀለ፣ መጉረሻው፣ ማለትም በበርሜሉ ኋላ ጥይት የሚገባበት ቦታ፣ በዓይንም በጣትም ተፈትሾ ባዶነቱ ለተረጋገጠ መሣሪያ ነው። ጥይት በሚወለወልበት ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። ሥራው ሲያልቅም መሣሪያው ተቆልፎ፣ ጥይቱም ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጣል።

«ከቆዳ ማኅደር የተሻለ ማስቀመጫ የለም»

ብዙ ሽጉጥ ያበላሸ እምነት ነው። ማኅደሩ ለሽጉጡ በልኩ የተሰፋና ለስላሳ ስለሆነ ሰው እንደ ቤቱ ያየዋል። ቆዳ ግን ሲለፋ በጨው፣ በታኒን ወይም በክሮም ውህዶች ውስጥ ያልፋል፤ ከእነዚህ የተረፈው በውስጡ ይቀራል። በዚያ ላይ ቆዳ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ የሳበውንም ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ብረቱ ጨውና አሲድ ካለበት እርጥብ ነገር ጋር ቀንና ሌሊት ተጣብቆ ይከርማል ማለት ነው።

ማኅደር መታጠቂያ ነው። ቀን የታጠቁት ሽጉጥ ማታ ከማኅደሩ ይውጣ፣ ዘይት በነካው ጨርቅ ይታበስ፤ ማኅደሩም ለብቻው አየር ያግኝ። ጭረትም ከዚሁ ይመጣል። ማኅደሩ ውስጥ የገባች የአሸዋ ቅንጣት ቆዳው ላይ ትሰካና ሽጉጡ በገባና በወጣ ቁጥር እንደ ሞረድ ትፍቀዋለች። አፈሙዙ አካባቢ ጥቁሩ ቀለም ተገፎ ነጩ ብረት የወጣበት ሽጉጥ ስታዩ ማኅደሩን ገልብጣችሁ ውስጡን በጣታችሁ ዳስሱት።

በስፖንጅ የተሞላ የጉዞ ሳጥንም ያው ነው። በመንገድ ላይ ከመጋጨት ያድናል፤ ለወራት ማስቀመጫ ሲሆን ግን ስፖንጁ እርጥበት ይመጥና ብረቱን ከሁሉም አቅጣጫ አቅፎ ይይዛል።

«በላስቲክ አጥብቆ መጠቅለል አየር አያስገባም»

አዲስ አየር ባያስገባም የገባውን አያስወጣም። ቀን በሙቀት የታሰረው አየር የውኃ ተን ይዟል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያ ተን ጤዛ ሆኖ የሚያርፈው ብረቱ ላይ ነው። ተራ ላስቲክ ውስጥ ያለ መሣሪያ ይህን በየቀኑ ሊያስተናግድ ይችላል። ዝገትን የሚከላከል ተን የሚለቅ፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ከረጢትና ወረቀት አለ፤ እሱ ሌላ ነገር ነው፣ ጥሩም ነው።

ከቀዝቃዛ ቦታ ወደ ሞቀ ክፍል የገባ ጠመንጃም እንዲሁ ያልበዋል። ከብርድ እንደገባ ወዲያው ቆልፎ ማስቀመጥ ጤዛውን አብሮ መቆለፍ ነው። ከመያዣው ሳያወጡ ከክፍሉ ሙቀት ጋር እስኪስተካከል ይጠብቁት፤ ከዚያ አውጥተው፣ አብሰው፣ ዘይት አስነክተው ያስቀምጡት።

«ዘይት በበዛ ቁጥር ጥበቃው ይጠነክራል»

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ የሚሳሳቱት ግድየለሾች ሳይሆኑ ለመሣሪያቸው ከልብ የሚያስቡ ሰዎች ናቸውና።

ዘይት የሚጠብቀው ብረቱንና አየሩን በስሱ ስለሚለያይ ነው። ከዚያ በላይ የሆነው ቦታው ላይ አይቆይም፤ ይወርዳል። ጠመንጃው አፈሙዙን ወደ ላይ አድርጎ ከቆመ፣ ዘይቱ በርሜሉን ተከትሎ ወደ መጉረሻው፣ ከዚያ ወደ ቃታውና ጥይቱን መትቶ ወደሚያስተኩሰው መርፌ፣ በመጨረሻም ወደ ሰደፉ እንጨት ይደርሳል። ዘይት የጠጣ እንጨት ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል፣ ብረቱን አጥብቆ መያዙንም ያቆማል። መርፌው አካባቢ የተጠራቀመው ዘይት አቧራ ሰብስቦ እንደ ሙጫ ይሆናል፤ በብርድ ጊዜ ደግሞ ይወፍርና መርፌው እንደሚገባው እንዳይመታ ያደርጋል።

ልኩ እንዲህ ነው፦ ጥቂት ጠብታ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አድርጎ ብረቱን በሙሉ መዳሰስ፣ ከዚያ በሌላ ጨርቅ መልሶ ማበስ። በዓይን የማይታይ፣ በጣት ሲነኩት ብቻ የሚታወቅ ስስ ሽፋን ይቀራል። ከዚህ በኋላ በርሜሉን በባዶ እጅ መያዝ የለም፤ ወይ ጓንት ወይ ያው ጨርቅ። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ አፈሙዙ ወደ ታች ዞሮ ይቁም ወይም ጋደም ይበል።

ለዓመታት የሚቀመጥ መሣሪያ ወፍራም ቅባት ያስፈልገዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ጠመንጃዎች ይከማቹ የነበረው ኮስሞሊን በሚባል ቡናማ፣ ሰም መሰል ቅባት ተለብጠው ነበር። እንዲህ ያለ ቅባት ከመተኮስ በፊት ከበርሜሉም ከመጉረሻውም አንድ ሳይቀር መውጣት አለበት። ለግድግዳ ወይም ለስብስብ ለሚቀመጥ መሣሪያ ደግሞ የብሪቲሽ ሙዚየም ባለሙያዎች ለቅርስ ጥበቃ ያዘጋጁት ዓይነት ሰም የተሻለ ነው፤ አይወርድም፣ አቧራም አይሰበስብም።

«ያገኙትን ዘይት መቀባት ይቻላል»

የምግብ ዘይት አይሆንም። ከአየር ጋር ሲቆይ ይደርቅና ተጣባቂ ቢጫ ቅርፊት ይሆናል። ደብሊው ዲ-40 የሚባለው በቆርቆሮ የሚረጨው ፈሳሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1953 የተቀመመው ውኃን ለማስወገድ ነው፤ «ደብሊው ዲ» የሚሉት ፊደሎችም ትርጉማቸው ይኸው ነው። ዝናብ የመታውን መሣሪያ ለማድረቅ ይረዳል። ብዙው ክፍሉ ስለሚተን ግን የሚቀረው ሽፋን እጅግ ስስ ነው፤ ለወራት ማስቀመጫ ለጠመንጃ ተብሎ የተሠራ ዘይት ይከተለው።

«አይዝጌ ብረት አይዝግም»

ስሙ ነው ያሳሳተን። ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ያለበት ብረት ሲሆን ክሮሚየሙ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ስስ መከላከያ ይሠራል። ጨው፣ ማለትም ላብና የባሕር አየር፣ ይህን መከላከያ ነጥብ በነጥብ ይበሳዋል። እሱም ይታበስ፣ ዘይትም ይንካው።

«ሲሊካ ጄል ካስገቡ በኋላ ሳጥኑን መርሳት ይቻላል»

ሲሊካ ጄል፣ ማለትም እርጥበት የሚመጠው ፍሬ፣ ይጠግባል። ከጠገበ በኋላ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጦ ምንም አይሠራም። ቀለም የሚቀይረውን ዓይነት መግዛት ይሻላል፤ ብርቱካናማው አረንጓዴ ሲሆን ወይም ሰማያዊው ወደ ሮዝ ሲለወጥ በ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በምድጃ አድርቆ መመለስ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ አስቀምጡ። ከ40 እስከ 50 በመቶ ደህና ነው፤ ከ60 በላይ ሲወጣ ዝገት ይፈጥናል፤ ከልክ በላይ ሲደርቅ ደግሞ የሰደፉ እንጨት ይሰነጠቃል።

«ውኃ ጠመንጃ ሊነካ አይገባም»

አንድ ጊዜ ግን ውኃ የግድ ነው። አንዳንድ የቆዩ የጦር ሠራዊት ጥይቶች ባሩዱን የሚያቀጣጥለው መለኮሻቸው ፖታሲየም ክሎሬት አለበት፤ ሲተኮስ በርሜሉ ውስጥ ፖታሲየም ክሎራይድ የሚባል ጨው ትቶ ይሄዳል። ይህ ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዘይት ደግሞ ጨው አያሟሟም። በላዩ ዘይት የተቀባ በርሜል ሲያዩት ያብረቀርቃል፣ ከሥር ግን ይበላል። የሚያወጣው ሙቅ ውኃ ነው፦ አፍስሶ ማጠብ፣ ወዲያው ሙሉ በሙሉ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት ማስነካት። ሙቅ የሚሆነው ብረቱ ሞቆ ቶሎ እንዲደርቅ ነው።

«ዝገትን በብርጭቆ ወረቀት ወይም በኮምጣጤ ማስለቀቅ ይቀላል»

ይህን ሳይ ያመኛል፤ የተገፈፈ ነገር አይመለስምና። የብዙ ጠመንጃ ጥቁር ሰማያዊ ሽፋን ራሱ የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ማግኔታይት ይባላል። ኮምጣጤና ሌሎች ዝገት አስለቃቂ አሲዶች ከቀዩ ዝገት አይለዩትም፤ ሁለቱንም ይዘው ይሄዳሉ። ብርጭቆ ወረቀት ደግሞ ሽፋኑንም ብረቱንም ይልጣል።

ስስ ዝገት ሲገኝ በቦታው ላይ ዘይት ጠብ አድርጎ ለሰዓታት መተው፣ ከዚያ በነሐስ ጭጉር (እንደ ሱፍ በቀጠነ ሽቦ) ወይም እጅግ ደቃቅ በሆነው፣ አራት ዜሮ ቁጥር ባለው የብረት ጭጉር፣ ዘይቱ ሳይደርቅ፣ ሳይጫኑ ማሸት ነው። ጨርቁ ላይ ቡናማ ሲወጣ መጥረግ፣ እንደገና ዘይት። ብረቱ ጎድጉዶ ከሆነ ለመሣሪያ ጥገና ባለሙያ ይተው።

«መወልወል አይጭርም»

አቧራ የለበሰ በርሜልን በደረቅ ጨርቅ ማሸት አሸዋውን በብረቱ ላይ መጎተት ነው። አቧራው አስቀድሞ በለስላሳ ብሩሽ ይራገፍ። ቀለበት፣ የእጅ ሰዓትና የቀበቶ ዘለበት ሥራው እስኪያልቅ ይውለቁ። መጥረጊያው ዘንግ ደግሞ ከተቻለ ከኋላ፣ ከመጉረሻው በኩል ይግባ፤ በአፈሙዙ በኩል የሚገባ ዘንግ ጥይቱ ለመጨረሻ ጊዜ የሚነካውን ጠርዝ ቀስ በቀስ ይበላዋል፣ ኢላማ መምታቱም ይበላሻል። ሳጥን ውስጥ የተጠጋጉ ጠመንጃዎችም ይጫጫራሉ፤ የአንዱ መቀርቀሪያ የሌላውን ሰደፍ ይቧጥጣል። በመካከላቸው ክፍት ቦታ መተው ወይም ለዚሁ የተሠራ፣ በሲሊኮን የታከመ ጨርቅ ማልበስ ይበቃል።

«አፈሙዙን በጨርቅ መድፈን አቧራና እርጥበት ይከላከላል»

መጨረሻ ያደረግኩት ከሁሉም አደገኛ ስለሆነ ነው። ውታፉ እርጥበት ይመጥና በርሜሉ ጫፍ ላይ የዝገት ቀለበት ይሠራል፤ በውስጥ ያለው አየርም መውጫ ያጣል። ከዚህ የከፋው ግን መርሳት ነው። ተወትፎ የተረሳ በርሜል ሲተኮስ ያብጣል ወይም ይፈነዳል፤ የሚጎዳውም ፊቱን አጠገቡ ያደረገው ተኳሽ ነው። በርሜል ውስጥ የቀረ ወፍራም ቅባትም ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ከማስቀመጫው የወጣ ጠመንጃ ከመተኮሱ በፊት ባዶነቱ ይፈተሽ፣ መቀርቀሪያው ይውጣ፣ ደረቅ ጨርቅ ከመጉረሻው እስከ አፈሙዙ ይለፍበት፤ ከዚያም በርሜሉ ወደ ብርሃን ተይዞ በመጉረሻው በኩል ይታይ፤ በርሜሉ ውስጥ የተቀረጹት ጠመዝማዛ ቦዮች እስከ ማዶ ጠርተው እስኪታዩ ድረስ ጥይት አይቅረበው።